«ዛፉ የእኔ ነው፤ ነፋሱ ግን የእኔ አይደለም»

ዛሬ ስለ ወደቀ ዛፍ እናወራለን።

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ወሩ መጋቢት ነው። ቀኑ ሰኞ ነው። የቱርሚ ገበያ ሊበተን ነው። ማር ይዞ የመጣው ሸጧል። ፍየል ይዞ ከመጣው ግማሹ ሸጧል፤ ግማሹ ፍየሉን እየጎተተ ሊመለስ ነው። በዚህ መሐል ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ገና ነው፤ ነፋሱ ግን ቀደመ። አቧራው ተነሣ። ሰው ዓይኑን ሸፍኖ ሮጠ። ከዚያ አንድ ትልቅ ድምፅ ተሰማ። ያረጀ ግራር ከነሥሩ ተነቅሎ በአንዲት ሻይ ሻጭ ቤት ላይ ወደቀ።

ደግነቱ ሴትየዋ ገበያ ነበረች። ልጆቿም ውጭ ነበሩ። ቤቱ ግን ቤት አልሆነም። ቆርቆሮው ተጨማድዷል። ማገሩ ተሰብሯል። ጀበናውና ስኒው የት እንደገባ አይታወቅም። ዝናቡም አሁን ጀመረ።

ሴትየዋ ወደ ጎረቤቷ ሄደች። ዛፉ የበቀለው በእሱ ግቢ ነው።

«ጋሼ፣ ዛፍዎ ቤቴን ሰበረው። እባክዎ ያንሡልኝ» አለች።

ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ደነገጠ፤ አዘነም። ግን እንዲህ አለ፦

«እኅቴ፣ ዛፉ የእኔ ነው፤ ነፋሱ ግን የእኔ አይደለም። እኔ ምን አጠፋሁ?»

«ታዲያ ማን ያንሣልኝ?»

ሰውየው ዝም አለ።

ይህ ምሳሌ ነው። ሰዎቹ ስም የላቸውም። ነገሩ ግን በቱርሚም፣ በዲመካም፣ በጂንካም ሊደርስ ይችላል። እኛ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ለሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን «ሰውየው እውነቱን ነው» አልን። ግማሾቻችን «ዛፍ ያለው ሰው የዛፉን ዕዳም ይቀበል» አልን። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ከመፍረዳችሁ በፊት ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

በመጀመሪያ ሕጉ ምን ይላል? የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሕግ ቁጥር 2028 ላይ አንድ አጭር ነገር ተጽፏል። በራሱ ጥፋት ሌላውን ሰው የጎዳ፣ ኪሣራውን ይክፈል ይላል። እዚህ ላይ ዋናው ቃል «ጥፋት» ነው። ዛፉ ጤነኛ ከነበረ፣ ነፋሱም ድንገተኛ ከነበረ፣ የሰውየው ጥፋት የታለ? ሰውየው እውነት አለው።

ነገር ግን ዛፉ ውስጡ የበሰበሰ ቢሆንስ? ሴትየዋ ባለፈው ዓመት «ጋሼ፣ ይህ ግራር ወደ ቤቴ እያዘመመ ነው፤ ይቁረጡልኝ» ብላው ቢሆንስ? ሽማግሌም አብሮ ሰምቶ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ነገሩ ይለወጣል። ተነግሮት ዝም ያለ ሰው «ነፋሱ የእኔ አይደለም» ቢል ማን ይሰማዋል? ስለዚህ በጎረቤት ግቢ የሚያሰጋ ዛፍ ካያችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። በምስክር ፊት ተናገሩ። አሁን ደግሞ መጻፍ ችላችኋል፤ ቀኑን ጨምራችሁ በወረቀት ጻፉት። አንዱን ወረቀት ለጎረቤት ስጡ። አንዱን አስቀሩ።

የሚያሰጋ ዛፍ ምን ይመስላል? ይህን ገበሬም ሆነ ከብት አርቢ ከእኛ ይበልጥ ያውቃል። ቢሆንም እንጻፈው። ሥሩ አጠገብ እንጉዳይ የሚበቅልበት ዛፍ ውስጡ ሊበሰብስ ይችላል። ግንዱን በምሳር ጀርባ ስትመቱት እንደ ከበሮ የሚጮኽ ከሆነ ባዶ ነው። ምስጥ የገባበት፣ እሳት የበላው፣ ወይም መንገድ ሲወጣ በአንድ በኩል ሥሩ የተቆረጠ ዛፍም ያሰጋል። እንደ ካስኬ ባለ ወንዝ ዳር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጎርፍ ሲመጣ አሸዋውን ከሥሩ ይወስደዋል። ዛፉ ከላይ ለምለም ነው፤ ከታች ግን የያዘው ነገር የለም። ረጅም በጋ ካለፈ በኋላ መሬቱ ድንገት ሲርስ አፈሩ ይላላል። ነፋስ በዚያ ሰዓት ከመጣ ትልቅ ዛፍ ይነቅላል።

ይህን ስንል ዛፍ ሁሉ ይቆረጥ ማለታችን አይደለም። በቱርሚ ፀሐይ ያለ ዛፍ ጥላ እንዴት ይኖራል? ቀፎውስ የት ይሰቀላል? ፍየሎቹስ የግራር ፍሬ ከየት ይበላሉ? ቤት ላይ ያዘመመውን አንዱን ቅርንጫፍ መቁረጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ትልቅ ዛፍ ከመቁረጥ በፊት ደግሞ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማነጋገር ይገባል።

አሁን ወደ ከባዱ ቃል እንምጣ። ቀስ ብለን እናንብበው።

መ-ድ-ን። መድን።

ከተማ ውስጥ ኢንሹራንስ ይሉታል። ኢን-ሹ-ራን-ስ። ሁለቱም አንድ ነው። መድን የሚባለው ነገር ዋስ እንደ መያዝ ነው። ጉዳት ሳይመጣ በፊት ጥቂት ገንዘብ ትከፍላላችሁ። ይህ ገንዘብ አረቦን ይባላል። ጉዳት ሲመጣ ድርጅቱ ይከፍላል። ይህ ደግሞ ካሣ ይባላል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በሒሳብ እንየው። 100 ቤቶች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ቤት በዓመት 200 ብር ይከፍላል። 200 ብር 100 ጊዜ ሲሆን 20,000 ብር ይሆናል። በዚያ ዓመት የሁለት ሰዎች ቤት ተሰበረ። ለእያንዳንዱ 8,000 ብር ተከፈለ። በድምሩ 16,000 ብር ወጣ። 4,000 ብር ለሥራ ማስኬጃና ለክፉ ቀን ተረፈ። ቤታቸው ያልተሰበረው 98 ሰዎች ገንዘባቸው አልተመለሰም። ግን ዓመቱን ሙሉ ያለ ሥጋት ተኝተዋል። መድን ማለት ይኸው ነው።

ቱርሚ ውስጥ መድን አይቼ አላውቅም የምትሉ ካላችሁ፣ አይታችኋል። በሰኞ ገበያ የምትቆመውን አይሱዙ ፊት ለፊት ተመልከቱ። መስታወቷ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፏል። እሱ የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት ነው። መኪናዋ ሰው ብትገጭ ለተጎጂው የሚከፈለው በዚህ ነው። መኪና ያለዚህ መድን እንዳይሄድ የሚያዝዘው አዋጅ ቁጥር 799 በ2005 ዓ.ም. ወጥቷል። ለቤት ግን እንዲህ ያለ አስገዳጅ አዋጅ የለም። ቤቱን በመያዣ አድርጎ ከባንክ የተበደረ ሰው ባንኩ መድን እንዲገባ ይጠይቀዋል። ሌላው ከፈለገ ይገባል፤ ካልፈለገ ይተዋል። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት የተቋቋመው በ1968 ዓ.ም. ነው። ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግል ድርጅቶች እንዲሠሩ ተፈቅዷል።

እንግዲህ ሻይ ሻጯ መድን ገብታ ነበር እንበል። ድርጅቱ ዛፉን ያነሣላታል?

መልሱ የሚገኘው በወረቀቱ ላይ ነው። በሌላ ቦታ የለም። ወረቀቱ ውል ይባላል። ውሉ ላይ የአደጋው ስም ካልተጻፈ ድርጅቱ አይከፍልም። የተለመደው የቤት መድን የእሳትና የመብረቅ መድን ነው። ነፋስ እሳት አይደለም። መብረቅም አይደለም። አውሎ ነፋስ ተጨምሮ እንዲጻፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህም ተጨማሪ አረቦን ይከፈላል።

አውሎ ነፋስ ተጻፈ እንበል። አሁንም ሌላ ጥያቄ አለ። ቤቱን ማደስ አንድ ነገር ነው። ዛፉን ቆርጦ፣ ጎትቶ፣ ከግቢ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። ለሁለተኛው ሥራ የሚሆነው ቃል ይህ ነው፦ ፍ-ር-ስ-ራ-ሽ ማ-ን-ሣ-ት። ፍርስራሽ ማንሣት። ይህ ቃል ውሉ ላይ አለ ወይ? እስከ ስንት ብር ይላል? ጣታችሁን እያስከተላችሁ ፈልጉት። ካላገኛችሁት፣ ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት «የታለ?» በሉ። ድሮ የጣት አሻራ ስናስቀምጥ ሌላ ሰው ያነብልን ነበር። የሚያነበው የሚፈልገውን መስመር ብቻ ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ዛፉ ግቢ ውስጥ ብቻ ወድቆ ቤቱን ሳይነካ ቢቀርስ? ያን ጊዜ የቤት መድን ብዙውን ጊዜ ምንም አይከፍልም። መድን የገባው ቤቱ እንጂ ዛፉ አይደለማ! ለብዙ ሰው ይህ አይዋጥለትም። «ያው ነፋስ፣ ያው ዛፍ አይደለም እንዴ?» ይላል። ነገር ግን መድን የሚጠይቀው ዛፉ ወደቀ ወይ ብሎ አይደለም። የተጻፈው ቤት ተጎዳ ወይ ብሎ ነው።

ይህ ነገር በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንንም ያስቸግራል። በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ሰኔ 22 ቀን 2004 ዓ.ም. ሌሊት ከባድ አውሎ ነፋስ ያንን አገር መታ። ዛፎች በቤት፣ በመኪናና በመብራት ሽቦ ላይ ወደቁ። እጅግ ብዙ ሰው በዚያ ሙቀት ለቀናት መብራት አጣ። በዚያ አገር የቤት መድን የተለመደ ነው። የተለመደው ውል ግን ይህን ይላል፦ ዛፉ ቤቱን ከመታ፣ ወይም የመኪና መግቢያውን ከዘጋ፣ ለማንሻ የሚከፈለው ለአንድ ዛፍ እስከ 500 ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 1,000 ዶላር ነው። ትልቅ ዛፍ ለማንሣት ግን ከዚህ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ደግሞ ከጉዳቱ የመጀመሪያውን ድርሻ ባለቤቱ ራሱ ይችላል፤ ድርጅቱ የሚከፍለው ከዚያ በላይ ያለውን ነው። የጎረቤት ዛፍ በእኔ ቤት ላይ ቢወድቅስ? በመጀመሪያ የሚከፍለኝ የእኔው መድን ነው። ጎረቤቴ ዛፉ መበስበሱን እያወቀ ዝም ብሎ ከነበረ፣ ድርጅቱ ዞሮ እሱን ይጠይቃል። እነሆ፣ ባሕር ማዶም ያ የሰውየው ነገር ተነሣ፦ ዛፉ የእኔ ነው፤ ነፋሱ ግን የእኔ አይደለም!

የራሱ ድርሻ የሚባለውን ነገር በብር እናስላው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታልና። ቤቱን ለማደስ 30,000 ብር ያስፈልጋል። ዛፉን ለማንሣት 4,000 ብር ያስፈልጋል። በድምሩ 34,000 ብር ነው። በውሉ መሠረት የባለቤቱ ድርሻ 5,000 ብር ነው። ድርጅቱ 29,000 ብር ይከፍላል። ቤቱ ትንሽ ብቻ ተጎድቶ ጠቅላላው ወጪ 4,500 ብር ቢሆን ኖሮ ግን ድርጅቱ ምንም አይከፍልም ነበር። 4,500 ከ5,000 ያንሳልና።

«መድን የከተማ ሰው ነገር ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሙሉ በሙሉ እንዲህ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. በትግራይ አዲ ሃ በምትባል መንደር 200 የጤፍ ገበሬዎች ለድርቅ መድን ገብተዋል። ገንዘብ ያጣው ገበሬ እርከን በመሥራትና በመሰለው ሥራ በጉልበቱ አረቦኑን እንዲከፍል ተደርጓል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በቦረና ለከብት አርቢዎች የድርቅ መድን ተጀመረ። ሣሩ መድረቁ የሚለካው ከሰማይ በሳተላይት ነው። ይህ ጥሩ ነገር ነው። ሆኖም የሣር መድን የገባ ሰው ዛፍ ቤቱን ቢሰብረው አይከፈለውም። ሳተላይቱ የሚያየው ሣሩን ነው፤ የሻይ ሻጯን ቆርቆሮ አያይም።

እንግዲህ በእኛ አገር የአብዛኛው ገጠር ቤት መድን የለውም። ድርጅቱ ቤቱ ከምን እንደተሠራ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ በወረቀት ይጠይቃል። የሣር ቤት ይህን ሁሉ ወረቀት ከየት ያመጣል? ታዲያ ምን ይሻላል?

እኛ የምናስበው እንዲህ ነው። ያልገባነውን መድን ከመመኘት ያለንን መድን ማጠንከር ይሻላል። ያለን መድን ምንድን ነው? ደቦ ነው። እድር ነው። ከብት አርቢው ከብቱን ከፋፍሎ ሩቅ ካለ ወዳጁ ዘንድ የሚያስቀምጠው ለምንድን ነው? በሽታ አንዱን መንጋ ቢፈጅ ሌላው እንዲተርፍለት ነው። ይህም መድን ነው፤ ስሙ ብቻ ሌላ ነው። ዛፍ ሲወድቅም ጎረቤት ምሳር ይዞ ይወጣል። ይህ የታወቀ ነው።

የጎደለው አንድ ነገር ነው። ነፋስ ሳይመጣ በፊት አንነጋገርም። እድሩ ለሞት ስንት እንደሚከፈል ጽፏል። ለተሰበረ ቤት ግን ምንም አልተጻፈም። ስለዚህ ዛፉ ከወደቀ በኋላ ጭቅጭቁ ይጀምራል። ማን ያንሣ? እንጨቱ የማን ነው? ማገዶ ውድ በሆነበት ቦታ ስለ እንጨቱ ክርክር ሲነሣ ጎረቤት ይቀያየማል። ሴትየዋ «ቤቴን የሰበረው እንጨት ለእኔ ይገባል» ትላለች። ሰውየው «ዛፉን ያሳደግሁት እኔ ነኝ» ይላል። ዝናቡ በዚህ መሐል ልጆቹ ላይ ይዘንባል።

ስለ ማንሣቱም ጥቂት እንበል፤ ዛፍ ወድቆም ሰው ይጎዳል። በመጀመሪያ ሽቦ እዩ። የመብራት ሽቦ ዛፉን ከነካ ማንም አይጠጋ። መብራት ኃይል መጥቶ ሽቦውን እስኪያጠፋ ድረስ ልጆችንና ከብቶችን አርቁ። ሁለተኛ፣ ቀፎ ተሰቅሎበት ከነበረ ንቦቹ ተቆጥተዋል። እስኪመሽና እስኪረጋጉ ጠብቁ። ሦስተኛ፣ የታጠፈውን ቅርንጫፍ ተጠንቀቁ። ቅርንጫፉ ከግንዱ ሥር ታጥፎ እንደ ቀስት ተወጥሯል። በምሳር ሲመታ ይስፈነጠርና ፊት ይመታል። ከጎን ቁሙ፤ ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ቁረጡ። ግንዱ ቤት ላይ ካረፈ ደግሞ ምሰሶው እስኪደገፍ ማንም ወደ ውስጥ አይግባ። ጀበናው ይቆይ።

መድን የገባ ሰው ካለ ደግሞ ዛፉን ከማንሣቱ በፊት ፎቶ ያንሣ። ስልክ ያለው ሰው አይጠፋም። የተሰበረውን ቤት፣ የወደቀውን ዛፍ፣ የተነቀለውን ሥር ሁሉ ያንሣ። ያኑኑ ቀን ወይም በማግሥቱ ለድርጅቱ ያሳውቅ። ዝናብ እንዳይገባ በሸራ መሸፈን ይቻላል። የሸራውን ደረሰኝ አትጣሉ።

አሁን ወደ እድሩ እንመለስ። ከዚህ በታች አንድ ስምምነት ጽፈናል። እናንተ ለእድራችሁ እንዲስማማ አድርጋችሁ ለውጡት። ጮክ ብላችሁ ለሽማግሌዎች አንብቡት። አማርኛ የማይሰማ ሰው ካለ በሐመርኛ ይተርጎምለት። የተስማማ ይፈርም።

«እኛ ከዚህ በታች የፈረምን ጎረቤቶች ዛሬ ............ ቀን ............ ዓ.ም. እንዲህ ተስማማን። ነፋስ ዛፍ ጥሎ ከመካከላችን የአንዱን ቤት ቢሰብር፣ ከየቤቱ አንድ ሰው በማግሥቱ ጠዋት ይወጣል። ምሳር ያለው ምሳር፣ መጋዝ ያለው መጋዝ፣ ገመድ ያለው ገመድ ይዞ ይመጣል። መውጣት ያልቻለ ............ ብር ይከፍላል። ግንዱ ለባለዛፉ ይሆናል። ቅርንጫፉ ቤቱ ለተሰበረበት ሰው ይሰጣል። ከእድሩ ሣጥን ለቆርቆሮ፣ ለሣርና ለሚስማር ............ ብር ይሰጣል። ዛፍህ ቤት ላይ አዝምሟል ተብሎ በሦስት ሽማግሌ ፊት የተነገረው ሰው በአንድ ወር ውስጥ ካልቆረጠው ግን ጉዳቱን እሱ ይችላል።»

ነጠብጣቡን እኛ አልሞላነውም። ስንት ብር እንደሚሆን የሚያውቀው ሣጥኑን የያዘው ሰው ነው። የመጨረሻው መስመር ላይም እርስ በርስ ትከራከራላችሁ። እኛም ተከራክረንበታል። አንዳንዶቻችን «አንድ ወር አጭር ነው፤ መጋዝ ያለው ሰው የሚገኘው ከጂንካ ነው» አልን። ሌሎቻችን «የመጋቢት ነፋስ ሁለት ወር አይጠብቅም» አልን። አንድ ወር ብለን ጻፍነው። እናንተ ስትጽፉ ቀኑ ለሁሉም የሚሆን ይሁን። ዛፍ የሌለው ሰው ብቻ አይወስነው፤ ዛፍ ያለውም ሰው ይኑርበት።